የጥጥ መጋዘኑ ደወልና የእልፍነሽ ድንጋይ

እልፍነሽ ደምሰውን አላውቃትም የሚል የጂንካ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮ የለው ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ከገበያው አጠገብ በነበረው የጥጥ መጋዘን የእሳት ማስጠንቀቂያውን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። መሣሪያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብረት ሣጥን ነው፤ ቀይ ከበራ እሳት፣ ቢጫ ከበራ ብልሽት። በአፍ ደግሞ ማን ይችላታል! «እኔ ባለሁበት እሳት እንኳ የሚገባው አስፈቅዶ ነው!» ትል ነበር።

ጥጡ የአገሬው ገበሬ የዓመት ልፋት ነው። ከተማው የእሳት አደጋ መኪና ስላልነበረው፣ ደወሉ ሲጮህ ገበያተኛው ሁሉ ውኃ ይዞ ሊሮጥ ተማምሏል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ዘበኛው ኤርጎ፣ ደግ የአሪ ሰው፣ ዝናብ ሸሽቶ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ እሸት በቆሎ ጠበሰ። ጭሱ በመስኮት ገባ፣ ቀዩ በራ፣ ደወሉ አምባረቀ። ገበያው ተነቅሎ መጣ። ያገኙት በቆሎ! በዚያ መሀል ፍየሎች የጋሽ አብደላን የማሽላ ጆንያ ቀደው ሲጋበዙ ዋሉ።

ጋሽ አብደላ የገበያው ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቁጣቸው ደግሞ አይጣል ነው። «ሁለተኛ ብትደውዪ ከወንበሬ ንቅንቅ አልልም!» አሉ። እሳቸው ካልተነሱ ማን ይነሳል? እልፍነሽ ጨነቃት። በአባቶቿ ወግ ድንጋይ ተሸክማ፣ አንገቷን ደፍታ ፊታቸው ቆመች።

«ስለ አላህ ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

«አውርጂው፣ ይቅር ብያለሁ። ድንጋዩን ግን ከሣጥንሽ ሥር አኑሪው፣ እንዳትረሺ» አሏት።

ወር ሳይሞላ፣ በሌላ ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ። ቢጫ! የሁለተኛው ክፍል ሽቦ ተበጥሷል፤ የአይጥ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ድምፁን ዘጋችው። መብራቱን የሚያጠፋው ግን ጥገና ብቻ ነው፣ ጠጋኙ ደግሞ አርባ ምንጭ። እስኪመጣ ድረስ እዚያ ክፍል እሳት ቢነሳ ሣጥኑ አያውቅም።

«ኤርጎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሽቦው አንተ ነህ! ክፍሉ በር ላይ ቁም። ጭስ ካየህ ፊሽካህን ንፋ። በቆሎ ብትነካ ግን ወዮልህ!»

«በቆሎ እኔ ትቻለሁ» አለ ኤርጎ እያፈረ።

ከሰዓት በኋላ ፊሽካው ጮኸ። ሄዳ ትይ? ጥጥ እንደሆነ አይጠብቅም። ኤርጎን አመነችና የእጅ መደወያውን ተጫነችው። በመስኮት ስታይ ገበያው ይስቃል። «በቆሎው ደረሰ!» አለ አንዱ። ጋሽ አብደላ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል።

ንዴቷ እንባ ሆኖ መጣ። ያን ድንጋይ ብድግ አድርጋ ጫንቃዋ ላይ ጣለችና ገበያው መሀል ገባች።

«ስሙኝ! ውሸት ከሆነ ይህን እንደተሸከምኩ ከጂንካ እወጣለሁ፤ ወይጦ ወንዝ እስክደርስ አላወርደውም! እውነት ከሆነ ግን የዓመት ልፋታችሁ እየነደደ ነው!»

ጋሽ አብደላ ድንጋዩን አዩ፣ ዓይኗን አዩ፣ ጀሪካናቸውን አነሱ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ገበያው እንደ ጎርፍ ተከተላቸው። ኤርጎ ሁለት የሚጨስ የጥጥ እስር ብቻውን ጎትቶ አውጥቶ ከሦስተኛው ጋር ሲታገል ደረሱለት። ውኃው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ እሳቱ ጣሪያ ሳይነካ ጠፋ። ሦስቱ እስር ነደደ፤ መጋዘን ሙሉ ጥጥ ተረፈ። እልልታው ቀለጠ።

ጥቀርሻ የለበሱት ጋሽ አብደላ ወደ ገበያው ተመልሰው እልፍነሽ የጣለችውን ድንጋይ አነሱና ጫንቃቸው ላይ አደረጉት። ያ ቁጡ ሰው አንገታቸውን ደፉላት።

«ደወል እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ይቅር በዪኝ ልጄ።»

«ኧረ ያውርዱት ጋሼ!» ብላ ራሷ ተቀበለቻቸው። ደስታው አስለቀሳት። ሕዝቡ ሊሸከማት ሲከባት ግን በመሀል ሾልካ ወደ ሣጥኗ ሮጠች። ደወሉን ዘጋች፣ ቀዩን አጠፋች። ቢጫው እንደበራ ነው።

በመስኮት ብቅ አለች። «ኤርጎ! እልልታው ይደርስልሃል፤ አሁን ወደ በርህ ተመለስ!»