ደቻሳ ልጦ የጣላት ብጣሽ ወረቀት

ደቻሳ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። መታወቂያ ኮፒ ያደርጋል፣ ሲቪ ይጽፋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለቃል። ነቀምቴ ተማሪ ሳለ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለስምንት ተካፍለው ነው ያነበቡት። «መግዛት ለማይችለው ብዬ ነው» ሲል ታዲያ ከልቡ ነው። ሠላሳ ሺህ ተከታዮቹ የሚጽፉለትን «ተባረክ» በቀን አሥር ጊዜ እየከፈተ እንደሚያነብ ግን ለማንም አይናገርም። በሰው ዕቃ ቸር መሆን ቀላል ነው፤ ደቻሳም ቸር ነበር።

በጥራቱም ይኮራል። ሌሎቹ ቻናሎች የጣት ጥላ ያረፈበት፣ የተንጋደደ ገጽ ይለቃሉ። እሱ የእስክሪብቶ ምልክቱን አጥፍቶ፣ የታጠፈውን አቃንቶ፣ በየገጹ ግርጌ ስሙን ያሰፍራል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠና ያሉ ሴት ገብተው ስልካቸውን አሳዩት። የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ ግርጌው ላይ የእሱ ስም አለ።

«ደቻሳ አንተ ነህ ልጄ?»

«አዎ እናቴ፤ ፕሪንት ላድርግልዎት?»

«ትብለጽ እባላለሁ። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ትብለጽ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ስለ ሕፃናት አያያዝ በራሳቸው ወጪ ያሳተሙትን መጽሐፍ ደቻሳ ከለቀቀው ዓመት አልፎታል። እከስሃለሁ ሊሉኝ ነው ብሎ ጠበቀ። «ለድሃ እናቶች ብዬ ነው» የሚለው መልስ አፉ ላይ ነበር።

እሳቸው ግን መጽሐፉን ከቦርሳቸው አውጥተው አንድ ገጽ ገለጡ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ መጠጥ አሠራር ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መባል ሲገባው፣ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ሦስት ብሎታል። እንደገና ለማሳተም አቅም ስላልነበራቸው ሲስተር ትብለጽ እርማቱን በብጣሽ ወረቀት አሠርተው፣ በየቅጂው ስህተቱ ላይ በገዛ እጃቸው ለጥፈውበታል።

«አንተ በለቀቅከው ላይ ግን የለችም» አሉ። «ትናንት ጎረቤቴ ስልኳን እያየች ለልጇ ስትበጠብጥ ደርሼ አስደፋኋት። ወረቀቷ የት ሄደች?»

ደቻሳ ወዲያው ትዝ አለው። ጫፏ የተነሳ ወረቀት ገጹ ላይ ጥላ እየጣለች ስታስቸግረው ሳያነባት ልጦ ጣላት። ገጹም ምን የመሰለ ሆኖ ወጥቶለት ነበር።

«እኔ ጋ ሲደርስ... አልነበረችም መሰለኝ» አለ።

ውሸቱ ለራሱም አልጣመውም። ዓይናቸውን ሽሽት ስልኩን አነሳና ቻናሉ ላይ «በዚህ መጽሐፍ ላይ ከባድ ስህተት ስለተገኘ የጨው መጠኑ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ተብሎ ይታረም» ብሎ ለጠፈ። ደቂቃ ሳይሞላ አስተያየቱ ጎረፈ። አንዱ «ጸሐፊ ተብዬዋ ትፈር፤ አንተ ግን ተባረክ» ብሏል።

ሲስተር ትብለጽም በስልካቸው ከፍተውት ነበር። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ደቻሳ ኩምሽሽ አለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የለጠፈውን አጠፋው። እንደገና ጻፈ፤ «ጸሐፊዋ ስህተቱን በወረቀት አርመውት ነበር። ሳላነብ ልጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ጠይቀውኝም ዋሸኋቸው።»

የመጀመሪያው መልስ መጣ። «ችግር የለም ወንድማችን፤ እርማት ያለበትን ሙሉውን ልቀቅልን። ተባረክ።»

«አሮጌውን ቅጂ አሁን አጠፋዋለሁ» አለ ደቻሳ አንገቱን ደፍቶ።

«ሰው ያወረደውንስ? ሌሎቹ ቻናሎች ከአንተ የወሰዱትንስ?»

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሲስተር ትብለጽ መጽሐፉን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ሙሉውን እንደገና ስካን አድርገው። እናቶቹ ያሉት አንተ ቻናል ላይ ነው።»

እጁን ወደ መጽሐፉ ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። በዚያ ሥራ ላይ በቆየባቸው ዓመታት ለማንም ጸሐፊ ያላለውን ቃል በጭንቅ አወጣው።

«ይፈቅዱልኛል ሲስተር?»

«አሁን እምቢ ብል ምን ላመጣ ልጄ» አሉና፣ መጽሐፉን ራሳቸው ገልጠው የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ ደፉት።