ልጄን ከስብሰባ ያስቀረሁበት ሕመም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር ከርሜ ይቺን ዘልዬ፣ እንደ ደህና ሰው ተፈትቼ እወጣለሁ። ምን ዓይነት መፈታት ነው እሱ?

እዚህ ቡራዩ፣ የገፈርሳ ውሃ በአፍንጫችን ሥር እያለፈ እኛ ጀሪካን ይዘን ስንንከራተት፣ የሰፈሩን ሴቶች አሰባስባ ቢሮ ለቢሮ የዞረችው ልጄ ለሊሴ ናት። ቧንቧው ሲገባ ሽማግሌው ኦቦ ቶሎሳ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ "እሑድ ለምክር ቤት ዕጩ ስንጠቁም አንቺን ነው የማነሳው። ብቻ እንዳትቀሪ፤ የሌለ ሰው አይጠቆምም" አሏት።

ጓዳ ገብታ ንግግር ስትለማመድ ሰማኋት። ደስታዋ! እኔስ ምን ተሰማኝ? ሐፍረት። ወንድሟ ገመቹ ሥራ ፈቶ ተጎልቶ ሴቷ አደባባይ ልትወጣ? ሰው ምን ይለኛል አልኩ።

እሑድ ጠዋት ልትወጣ ስትል ወገቤን ይዤ ጮህኩ። ምኔንም አላመመኝም። እኔው ነኝ የጮህኩት።

"ሀርሜ፣ እናቴ! ምን ሆንሽብኝ?" ብላ ነጠላዋን ወርውራ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ገመቹን "አንተ ሂድ፣ ቤቱን ወክል" አልኩት። እህቱ ስትጠፋ እሱን ጠቆሙት፤ እሱ ተመረጠ። እሷ እስከ ማታ ወገቤን ስታሽ ዋለች፤ እኔም አቃሰትኩ።

ለእሷ ፈርቼ ነው ብል ውሸቴን ነው። ለወንዱ አድልቼ ነው። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" እያልኩ ያሳደግኋትስ እኔ አይደለሁም?

በቀደም ገመቹ ስብሰባ ላይ፣ "ሴቶቻችን ሥልጣን አይፈልጉም። እህቴን እዩ፣ ዕድሉ መጥቶላት ቤቷ ቀረች" ሲል ሰው አጨበጨበ። እኔም መሐላቸው ተቀምጬ ነበር። ምነው ያኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

ትናንት አላስችል አለኝ። "ለሊሴ፣ ያን እሑድ እኮ..." ብዬ ስጀምር ሳቀች።

"ተይው ሀርሜ፤ እኔ ድሮም ለሹመት አልሆንም። የሚያምርበት እሱ ነው።"

ከልቧ ነው፤ አምናዋለች። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተውኩት። እንግዲህ ማንን ይቅር በይኝ ልበል? የገዛ ልጄን ቀማኋት፤ መቀማቷን እንኳ አታውቅም። እግዜር ይቅር ይበልሽ ልትሉኝ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ አትበሉኝ።