ከደልጊ የመጡት እንግዳ

አባቴ «ኮከብ ሠራተኛ» የተባለበት ወረቀት ዛሬም ባሕር ዳር፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። «ሰፊውን ሕዝብ በአብዮታዊ ትጋት በማገልገል» ይላል። እናቴ ባየችው ቁጥር ሳቋ ይመጣል፤ ትጋቱ ከየት እንደመጣ ታውቃለችና።

በደርግ ጊዜ አባቴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሰፈር ውስጥ ደግ ሰው ነው፤ ቢሮ ሲገባ ግን ከአፉ የምትወጣው «ነገ ይመለሱ» ብቻ ነበረች። እኔ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እማማ ጥሩ የሚባሉ አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት ማስረጃ ፍለጋ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ፣ በመርከብ መጡ። የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። አባቴ ሻዩን ፉት እያለ፣ እንደ ልማዱ፣ «ነገ ይመለሱ» አላቸው።

መርከቧ ወደ ደልጊ የምትሄደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያን ዕለት ጥላቸው ሄደች። አባቴ ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ቤትህ ወዴት ነው?» አሉት።

ማኅተሙንማ በማግሥቱ ቢሮው ሲከፈት አስመታላቸው። መርከቧ ግን የለችም። እማማ ጥሩ ከእናቴ ጋር አልጋው ላይ ሲተኙ፣ አባቴ ከእኛ ከሴት ልጆቹ አጠገብ ወለል ላይ ወረደ። ገና ሳይነጋ በምርኩዛቸው ጎሸም እያደረጉ፣ «ተነሥ እንጂ፣ ኪዳን ሊያመልጥህ ነው!» ይሉታል። የውይይት ክበብ ጓዶቹ እንዳያዩት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይከተላቸዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አስጾሙት። ሻይዋ ቀረች። እኔና እህቴ በሳቅ ሞትን።

በሳምንቱ ዕቃቸውን ተሸክሞ ወደቡ ድረስ ሸኛቸው። መረቁትና፣ «ለከርሞ ለታናሿም ማስረጃ ስመጣ አንተው ዘንድ ነው የማርፈው» አሉት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ባለጉዳይ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከወዴት ነው የመጡት?» ሆነ። ምሳውን ትቶ ማኅተም ያስመታ ጀመር። ሽልማቱን ሲቀበል ምን እንዳተጋው ቢጠየቅ፣ «አብዮቱ!» አለ። እናቴን ሳል ያዛት።

እማማ ጥሩ በቃላቸው ተመለሱ። ወረቀቱን በሩብ ሰዓት ጨርሶ ሰጣቸው። ከዚያ ግን፣ «ቤት ሳይገቡማ አይሄዱም» ብሎ ራሱ መርከቧ እንድታመልጣቸው አደረገ።

ባለፈው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ወጣቱ ጸሐፊ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» አለኝ። አባቴ ናፈቀኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና፣

«ልጄ፣ ቤትህ ወዴት ነው?» አልሁት።