«ወፍጮ ቆመ!»

ሃምሳ አለቃ እሱባለው ጎረቤላ ከተማ ውስጥ በር፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። በወጣትነቱ በሰሜን ግንባር መትረየስ ተኳሽ ነበር። ሠራዊቱን ከለቀቀ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ማዕረጉ ግን በሰፈሩ ሰው አፍ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ ለተጊዮርጊስ እንኳ ስትቆጣው «ሃምሳ አለቃ» ነው የምትለው።

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምህረት ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሲጠጋ፣ የወረዳው ሰዎች መጋዙን አስጥለው ሚሊሻ እንዲያሠለጥን ጠየቁት። መጀመሪያ የጎረቤላን ገበሬዎች አስተማረ፤ ቀጥሎ ደነባ ድረስ ሄዶ ዐሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ትምህርቱ አጭር ነበር።

«ተኩስ ሲከፈት ቀድሞ ያጎነበሰ ተሸነፈ። እሳታችሁ ከእሳቱ ይብለጥ፤ አንገቱን አስደፉት። አንገቱን የደፋ ሰው አያልምም። ያኔ ግማሻችሁ ከፊት እየተኮሳችሁ ታስጨንቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ በጎን ቆረጣ ትገባላችሁ። እሳቱ ግን ለአፍታም እንዳይቋረጥ። አንዱ ካዝና ሲቀይር ሌላው ይተኩስ።»

በሁለቱም ቦታ ገበሬዎቹ በግርግር ውስጥ አንድ ላይ ተኩሰው አንድ ላይ ጥይት ሲጨርሱ ስላየ መላ ፈጠረላቸው። ጥይት ያለቀበት «ወፍጮ ቆመ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጓደኛው «እኔ እፈጫለሁ!» ብሎ ይተካዋል። ሳቁበት፤ ግን ያዙት።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ፣ ታጣቂዎች ከቆላው ወደ ላይ እየወጡ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። እሱባለው ዐሥራ አንድ ሰው ይዞ ከከተማው በታች ባለ አንድ ገደላማ አፋፍ ላይ፣ ከአሮጌ የድንጋይ ካብ ጀርባ ቦታ ያዘ። ስልክ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። ጉሙ ደግሞ አሥር እርምጃ የማያሳይ ነበር። መትረየሱን የያዘው ወልደአረጋይ የሚባል እኩያው ነው፤ ገብስ አራሽ፣ ልቡ ደንዳና።

ከታች ድንጋይ ተንከባለለ። ቀጥሎ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«ማነህ?» አለ እሱባለው።

መልስ መጣ፤ ነፋሱ ግን ቃሉን በተነው። ሊደግመው አፉን ሲከፍት ጥይት ጮኸ። ከላይ ይሁን ከታች፣ ያን ጊዜም አላወቀም፣ ዛሬም አያውቅም።

ከዚያ ሁሉም ተኮሰ። ወልደአረጋይ መትረየሱን ሲለቀው የታችኛው ወገን ዝም አለ። «ያዝናቸው!» አለ እሱባለው በልቡ። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። ከታች እሳቱ ተመለሰ፤ አሁን ሥርዓት ይዟል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ጥይቱ ካቡን እየላጠ ድንጋዩን ፊታቸው ላይ ይበትነው ጀመር።

ጥቂት ቆይቶ ተኩሱ ከግራ በኩል ብቻ መምጣት ጀመረ። እሱባለው ይኼን ያውቀዋል። በግራ የሚተኩሱት አንገት ማስደፊያ ናቸው፤ ሌሎቹ በቀኝ እየመጡ ነው። ሁለት ሰው ጠርቶ ወደ ቀኝ ሰደደና፣ «ከቋጥኙ አጠገብ ጠብቁ፤ ጥላ ካያችሁ በሉት» አላቸው። ወዲያው በቀኝ በኩል ሦስት አራት ጥይት ተሰማ።

በዚህ መሃል ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው ጮኸ።

«ወፍጮ ቆመ!»

እሱባለው ደነገጠ። የእኔ ሰዎች ናቸው፣ ጉሙ ውስጥ ጠፍተው ታች ወርደዋል ብሎ አሰበ። ዞሮ ሲቆጥር ግን ወደ ቀኝ ከላካቸው ሁለቱ በቀር ሁሉም ካቡ ሥር ተኝተዋል። ታዲያ ጠላት ቃሉን ከየት ሰማው? እየሰለለን ነበር? ወይስ ጆሮዬ ነው?

«እኔ እፈጫለሁ!» አለ ሌላ ድምፅ ከታች።

«ተኩስ አቁም!» ብሎ ጮኸ እሱባለው።

ወልደአረጋይ ዐይኑን አፍጥጦ ተመለከተው። «አብደሃል? አሁን ካቆምን አንገታችንን አስደፍተው ይገቡብናል። አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

«አውቃለሁ። አቁም!»

«ባንተ ቃል አልሞትም!»

እሱባለው የመትረየሱን አፈሙዝ በእጁ ይዞ ወደ መሬት ደፋው። የጋለው ብረት መዳፉን ጠበሰው። የራሱ ሰዎች ተኩስ ተቋረጠ፤ የታችኞቹ ግን ቀጠሉ። ለተወሰነ ጊዜ በላያቸው ላይ የሚሄደውን እሳት ያለ መልስ ተቀበሉት። እሱባለው ልክ መሆኑን አላወቀም። ተሳስቶ ከሆነ ዐሥራ አንድ ሰው እንዳስፈጀ ብቻ ነው የገባው።

«ወፍጮው የማን ነው?» ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

ከታች ተኩሱ ተንጠባጠበና ቆመ።

«ሃምሳ አለቃ?» አለ አንድ ድምፅ። «እርስዎ ነዎት?»

«ስምህን ተናገር!»

«ኃይለ ገብርኤል ነኝ! የደነባው!»

«የደነባ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«እናንተን እንድናግዝ ተልከን ነው! መንገድ ጠፍቶብን በታች ዞርን!»

እርዳታ እንደሚመጣ ለጎረቤላዎቹ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከጉሙ ወጥተው ሲተያዩ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ «ማን ጀመረ?» እያለ ይሳደባል። ወዲያው ከቀኝ በኩል ጩኸት ተሰማ። ዘሥላሴ የሚባለው የደነባ ዲያቆን ትከሻው ተመትቶ ከቋጥኙ አጠገብ ወድቋል። በቃሬዛ ጎረቤላ አወጡት፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን ወሰዱት።

በሳምንቱ እሱባለው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ዘሥላሴ ከትከሻው እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሐኪሞቹ ግራ እጁ ከደረቱ በላይ እንደማይነሣ ነግረውታል። በደብሩ ከበሮ የሚመታ ሰው ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ቆረጣውን እኔ ነበርኩ የመራሁት። አካሄዴ ልክ ነበር?»

እሱባለው በጨርቅ የተጠቀለለ መዳፉን ተመለከተ። መዋሸት ይችል ነበር።

«ልክ ነበር» አለ። «ልክ ስለነበረ ነው የተመታኸው። እኔ ባስተማርኩህ መንገድ እንደምትመጣ አውቄ፣ ሰው አስቀምጬ ጠበቅኩህ።»

«እና… በሌላ በኩል ብመጣ ኖሮ?»

«እንጃ።»

«እንደዚያ ባላደርግ ደግሞ፣ የእርስዎ መትረየስ ሁላችንንም ይጨርሰን ነበር።»

«እሱም እውነት ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?»

ዘሥላሴ መልስ ሳይጠብቅ በጤናማው እጁ አንድ ብርቱካን አንሥቶ «ይላጡልኝ» አለው። እሱባለው መዳፉ ስለተቃጠለ በአንድ እጅ እየታገለ ላጠለት።

ጦርነቱ ከአካባቢው ከራቀ በኋላ እንደገና እንዲያሠለጥን ተጠራ። ሄደ። ሁለት ቀን ያንኑ አስተማረ፤ ሌላ አያውቅማ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁት፣ ፊታቸው ቆሞ «እሳታችሁ ከእሳቱ ይብለጥ» ብሎ ጀመረና ቀጣዩ ቃል ጠፋው። ሰዎቹ ተያዩ። እሱባለው «ይቅርታ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ለተጊዮርጊስ።

«ትምህርቱ ያው ነው። እኔ ነኝ ቃሉ የጠፋብኝ።»

ሌላ ሰው ተተካ። እሱ ወደ መጋዙ ተመለሰ። ወልደአረጋይ ያን ቀን ስለተናገረው ይቅርታ ሊጠይቀው መጥቶ፣ ሳይጠይቅ ስለ ገብስ አውርቶ ሄደ። ዘሥላሴ አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደነባ ይደውላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ እንጨት ዋጋ ይጫወታሉ። ስለዚያ ማለዳ ግን አንዳቸውም አንሥተው አያውቁም።