ከሞረድ የሠራሁት የምልክት ቢላ

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ወቅት ዓለም ገና፣ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በአንዱ እተኛለሁ፣ በሌላው የአናጢነት ሥራዬን እሠራለሁ። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ፣ መብራትም ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት የታጠቁ ሰዎች ጎህ ሲቀድ መጡ። የሽማግሌውን በር ሰብረው ገቡና የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወደ ቤት የመጣውን ልጃቸውን ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ሽማግሌው መጡ።

"በር ትሠራልኛለህ፣ ልጄ?"

"የድሮው እኮ ይጠገናል፣ ኦቦ።"

"አይሆንም። ልጁ ሲመጣ የተሰበረውን እንዲያይ አልፈልግም።"

"ከመጣ" ሳይሆን "ሲመጣ" ነው ያሉት።

የዋንዛ ሳንቃ ነበረኝ፤ የቸገረኝ ምልክት ማውጫ ቢላ ነው። በር የሚጸናው የአንዱ እንጨት ምላስ ከሌላው ቀዳዳ ጋር ልክ ሲገጥም ነው። የእርሳስ መስመር ወፍራም ስለሆነ መጋዙ ከየትኛው ጠርዝ እንደሚገባ ያወዛግባል፤ በቢላ የተጫረው ላይ ግን መሮው ራሱ ገብቶ ያርፋል። የእኔ ቢላ ተሰብሯል፣ መርካቶ መሄጃ የለም። ስለዚህ አንድ ያረጀ ሞረድ አወጣሁ።

ፍም እስኪመስል በከሰል አግዬ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። በማግስቱ ለስልሶ አገኘሁት፤ በሌላ ሞረድ አንድ ጎኑን ዝርግ፣ ሌላውን ሰያፍ አድርጌ አሾልኩት። እንዲጠነክር እንደገና አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክረው ጠሽ አለና ለሁለት ተሰነጠቀ። ተናድጄ ወረወርኩት።

ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። "ውሃ ያስደነግጠዋል" አሉ። "ማረሻዬን የሚሠራልኝ ሰው ስስ ብረት ሲሆን ዘይት ነው የሚጠቀመው።" ከጎረቤት ባለባጃጅ የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከሌላ አሮጌ ሞረድ የሠራሁትን ሁለተኛ ቢላ ዘይቱ ውስጥ ሳጠልቅ ከጎኔ ቆመው "ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በል" ይሉኝ ነበር። አልተሰነጠቀም። ቶሎ እንዳይሰበር የገለባ መልክ እስኪይዝ ብቻ ደግሜ አሞቅኩት፣ ሳልኩትና የወይራ እጀታ አበጀሁለት።

ምልክቱን ሳወጣ የማዕዘን መለኪያዬን፣ ስኳድራውን፣ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቢላው የሚተወውን ቀጭን መስመር እያዩ፣ "የፕላኑ ሰዎች ማሳዬ ላይም እንዲህ አስምረው ነበር" አሉ። "ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ሄዱ። ማን እንደሚያርሰው አልጠየቁም።"

"እርስዎስ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ? ችካሉን እየዞርኩ አረስኩት።"

የከተማውን ኪራይ ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝና ከችካሉ ጋር አብሬ የመጣሁ መሰለኝ። እሳቸው ግን ስኳድራውን አጥብቀው እንደያዙ ነበሩ።

በሩ ያለ አንዲት ሚስማር ገጠመ። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ከስቶ፣ ራሱን ተላጭቶ መጣ። ሳንቃውን በመዳፉ ዳብሶ፣ "ያምራል" ብሎኝ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ በሩን ሳይቆልፍ እንደሚተኛ አየሁ። አንድ ጠዋት ምክንያቱን ጠየቅኩት።

"ደግመው ቢመጡ እንዳይሰብሩት ብዬ ነው" አለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ምሽት የዚያ በር መወርወሪያ ሲገፋ ሰማሁ። በማግስቱ ሽማግሌው በክፍሌ በር ብቅ አሉ። ሥራ ፈልገው አልነበረም።

"ትናንት ቆለፈው" አሉኝ። "እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።"