ባለ ስምንት ኪሎው መዶሻ

ቀኝ እጄ ከጄሶ ሲወጣ ጠመኔ እንኳን ጨብጦ መያዝ አቃተው። መምህር ደግሞ ያለ ጠመኔ ምንም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በከባድ ነገር አለማምደው ስላለኝ፣ እጀታውን ይዤ ከፍ ዝቅ የማደርገው ትልቅ መዶሻ ፍለጋ የዲላን ሱቆች አዳረስኩ። ሁሉም ጋ ያለው የሚስማር መምቻ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ መፍለጫ ያገኘሁት መጨረሻ ላይ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር ሱቅ ውስጥ ነው።

"ምን ልታፈርስበት ነው፣ መምህር?" አሉኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት ልሠራበት ነው ማለት አሳፈረኝ። "የጓሮዬን አሮጌ አጥር" አልኩና ከፍዬ ወጣሁ። የድንጋይ አጥሬ ምንም አልሆነም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሽኩር አራት የሰፈር ሰዎች አስከትለው ቆመዋል፤ አንዱ ከጪጩ ድረስ ዶማ ተሸክሞ የመጣ አማቻቸው ነው።

"በዚያ እጅህ ብቻህን ልታፈርስ? ወላሂ፣ እኛ ሞተናል እንዴ?"

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አማቻቸው መዶሻውን አንሥቶ አጥሩን መታው። ልቀበለው በተነሣሁ ቁጥር "አረፍ በል፣ መምህር!" እያሉ እንሰቱ ሥር መልሰው አስቀመጡኝ። ለምሳ ሰዓት አጥሩ ፈርሶ አለቀ። የጎረቤት ፍየል በፍርስራሹ ላይ ተሻግራ ጎመኔን ጀመረችው።

አመስግኜ ሸኘኋቸውና መዶሻዬን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ሽኩር ቀደሙኝ፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ አመሩ።

"ይኼ ላንተ ይከብዳል" አሉ። "እጅህ እስኪጠነክር እኔ ጋ ይቀመጥ።"