ኡኩሌሌና የአከራዬ ፍየል

ነገሌ ቦረና በአንድ ክሊኒክ በነርስነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ለሥልጠና መጥታ ስድስት ወር አብራን የሠራች የውጭ አገር ሴት ወደ አገሯ ልትመለስ ሆነና ዕቃዋን አከፋፈለችን። ፍራሹ ለጥበቃው፣ ማንቆርቆሪያው ለጽዳት ሠራተኛዋ ደረሰ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት የእጅ ባትሪው ላይ ነበር። እሷ ግን ከአልጋዋ ሥር ትንሽ ጊታር የመሰለች ነገር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። አንድ ቀን ስትጫወት ሰምቼ በይሉኝታ "ደስ ይላል" ብያት ነበር።

"ኡኩሌሌ" ብላ ስሙን ነገረችኝ።

"ጊታሩ ወለደ እንዴ?" አለ ጥበቃው ፍራሹን እንደተሸከመ።

አራት ክር ብቻ ያላት፣ እንደ አራስ ልጅ በክንድ የምትያዝ ነገር ናት። እኔ በሕይወቴ ምንም ዓይነት መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ክብረ መንግሥት ሳድግ የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ግን የምታስተምረን እህት "አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ" ስላለችኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ድምፅ ነው የዘመርኩት።

ሴትዮዋ አንድ ወረቀትም ሰጥታኝ ነበር። በላዩ የሦስት ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ሥዕል አለ፤ እያንዳንዱ ቁልቁል የተሰመሩ አራት መስመሮችና ጥቂት ነጠብጣቦች አሉት። "መስመሮቹ ክሮቹ ናቸው፤ ነጠብጣቡ ያለበትን በጣትህ ትጫናለህ" አለችኝ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደች። ትምህርቴ ይኸው ነበር። ያኔ በስልክ ቪዲዮ ከፍቶ መማር የሚባል ነገር አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በተከራየኋት ክፍል በር ላይ ተቀምጬ መለማመድ ጀመርኩ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው የቦረና ሴት ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ሦስት ፍየሎች ነበሯቸው፤ የምትታለበው አንዷ ብቻ ነበረች። በሦስተኛው ቀን የወተት ዕቃቸውን ይዘው መጡ። ክሊኒክ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው።

"ዶክተር፣ ናጋ?"

"ናጋ፣ እማማ።"

"ኩን ማሊ? ይሄ የምትመታው ምንድነው?"

"የሙዚቃ መሣሪያ ነው።"

"ሙዚቃ!" አሉ። "እኔ እኮ በሽተኛ ቤት ያስገባህ መስሎኝ ነበር። ፍየሏ ወተቷን ያዘችብኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አልቤ ስጨርስ ምታ።"

እንዳሉት አደረግሁ። ድምፁ ለእኔም አልጣመኝም፤ ግን የፈረንጅ ነገር ሲለመድ ነው የሚጣፍጠው ብዬ ቀጠልኩ። የጣቶቼ ጫፍ ጠጠረ። አንድ ወር ተኩል አለፈ።

በዚህ መሃል የቤተ ክርስቲያናችን ጊታር ተጫዋች ሥራው ወደ ቦሬ ተዛወረ። የመዘምራኑ መሪ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። ለጨጓራዋ ክሊኒክ ስትመጣ መድኃኒቱን ተቀብላ ከተነሳች በኋላ "ወንድሜ፣ መሣሪያ ትጫወታለህ አሉ" አለችኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን "እንዲያው ትንሽ" አልኩ፣ ትሑት ሰው እንደሚለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልትሰማኝ መጣች። ሦስቱንም ኮርድ ተራ በተራ መታሁላት። አንገቷን ዘመም አድርጋ ቆየች።

"ይሄ የየት አገር ቅኝት ነው?"

"የፈረንጆቹ ይመስለኛል።"

"እስቲ ወረቀቱን አምጣው።"

ወረቀቱን ተቀብላ ኡኩሌሌዋን ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አቆመችና ከሥዕሉ ጋር ጎን ለጎን ያዘቻቸው። "የቀኙ መስመር እኮ ስትጫወት ወደ መሬት የሚሆነው ክር ነው። አንተ የምትጫነው ደግሞ ወደ አገጭህ ያለውን ነው። ሁሉንም ገልብጠህ ነው ያጠናኸው!"

አንድ ወር ተኩል! እፍረቱ ጆሮዬን አሞቀው። በአንድ ጣቴ የታችኛውን ክር ተጫንኩና መታሁ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ድምፅ ወጣ። ደንግጬ በእጄ አፈንኩት። ከግቢው ማዶ አከራዬ "ኣ! አሁን ገና ዳነ!" ሲሉ ሰማሁ። በማግስቱ ጠዋት እያለቡ ሳለ እንድመታ ፈቀዱልኝ፤ ፍየሏም ወተቷን አልከለከለችም።

ትክክለኛውን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ ጣትን ማዘዝ ሌላ። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ለመሄድ ጣቶቼን በቀኝ እጄ እየለቀምኩ በየቦታቸው ማስቀመጥ ነበረብኝ። የሰንበት ትምህርት ልጆች ዝግጅት ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። መሪዋ አሰበች አሰበችና መላ አመጣች፤ ኮርድ በምቀይርበት ቦታ ሁሉ ልጆቹ መዝሙሩን ቆም አድርገው ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። በሦስት ጭብጨባ ውስጥ እደርሳለሁ። በልምምድ ላይ ደረስኩም።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ተሰለፉ፤ እኔ በጎን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅያሪዎች በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ላይ እጄ አላበውና ጣቴ ተንሸራተተ። ልጆቹ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡና ወደ እኔ ዞሩ። አልደረስኩም። እንደገና ሦስት አጨበጨቡ። ከፊት ያለችው ትንሽ ልጅ ማይክሮፎኑ አፍንጫዋ ሥር መሆኑን ረስታ ለጓደኛዋ "ገና ነው፣ ጣቱን እየፈለገ ነው" አለቻት።

ልጆቹ ማቆሙን ስላልደፈሩ ማጨብጨቡን ቀጠሉ። ምዕመናኑ የመዝሙሩ ክፍል መስሏቸው አብረው ያጨበጭቡ ጀመር። አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው "ሃሌ ሉያ!" ሲሉ ሁሉም ተነሣ። እኔ አቀርቅሬ ቀለበት ጣቴን እገፋለሁ። በመጨረሻ ኮርዱን አግኝቼ ስመታ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የትኛው ስንኝ ላይ እንደነበርን ግን ማንም አላስታወሰም፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። መሪዋን አየኋት፤ የመዝሙር ደብተሩን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ፓስተሩ "እንዲህ ያለ የምስጋና ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም" ብለው ባረኩኝ። ከሌላ አጥቢያ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ያን መዝሙር እንድናስተምራቸው ጠየቁ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት መሪዋ እግሬን ረገጠችኝ።

ውጪ ስንወጣ ግን "ችለሃል ማለት አይደለም፣ ወንድሜ" አለችኝ። "ሰኞ ከሥራ በኋላ ትመጣለህ።"

ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ባዶ ክፍል ውስጥ በማስመሪያ ጠረጴዛውን እየመታች አስተማረችኝ። ስሳሳት አትቆጣም፤ ዝም ብላ ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። ከቁጣ የባሰ ነበር።

በኋላ ወደ ተልተሌ ስዛወር ቀስ ተብሎ የሚዘመር ማንኛውንም መዝሙር ማጀብ እችል ነበር። አንድ የክትባት ቀን ሰልፉ ረዝሞ ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ላይ ሲያለቅሱ፣ የሚቀጥለው የክትባት ሳጥን እስኪመጣ ኡኩሌሌዋን አውጥቼ ተጫወትኩ። ለቅሶው ጋብ አለ። ሳጥኑ መጥቶ ስነሣ ከፊት የተሰለፉ እናት ልጃቸውን እንዳቀፉ "ዶክተር፣ አንተ እሱን ቀጥል፤ መርፌውን ሌላ ሰው ይውጋ" አሉኝ።

የዚያን ቀን መርፌ የምወጋው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኡኩሌሌዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።